ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የሚፈተን ድንኳን
*በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሕፃን ይዞ ደጅ ለሚያድር ቤተሰብ*

ሰላም በሆነበት ዓመት፣ ታኅሣሥ ከተጋመሰ በኋላ፣ ከወረታ ወደ ወልድያ በሚዘልቀው መንገድ ላይ እግረኛው ይበረክታል። ገናን ላሊበላ ለማክበር የተነሣው ሰው ከእስቴ፣ ከስማዳ፣ ከታች ጋይንት በየአቅጣጫው እየመጣ ነፋስ መውጫ አካባቢ ይገጣጠማል፤ ከዚያ በጨጨሆ አድርጎ ወደ ጋሸና ያቀናል። ሽማግሌው ዘንጉን ይዟል፣ ጎረምሳው በሶና ዳቦ ቆሎ ተሸክሟል፣ እናት ልጇን በአንቀልባ አዝላለች። ቀኑ ደግ ነው፤ ፀሐዩ ደማቅ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። ችግሩ የሚመጣው ሲመሽ ነው። ዘመድ ያለው ዘመዱ ቤት ይገባል፣ ሌላው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይጠጋል፣ የቀረው ላስቲክ ወይም ሸራ ወጥሮ ሜዳ ላይ ያድራል።

ከነዚህ መካከል አንድ ወጣት ባልና ሚስት ገብሱ በተነሣ ማሳ ጥግ ድንኳን ሲተክሉ አየሁ። የአራት ዓመት ወንድ ልጅና ጡት ያልተወች ሕፃን ይዘዋል። ድንኳኑ ከአዲስ አበባ የተላከላቸው ሰማያዊ፣ ቀላል፣ ባለ አንድ ሽፋን ነው። የባልየው እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ዙሪያውን ከቃኙት በኋላ፣

«ልጄ፣ ለመሆኑ ስንት ሰው ይይዛል አሉህ?» አሉ።

«ለአራት ሰው ነው የሚለው፣ እማዬ።»

«አራቱ ሲተኙ ነው ወይስ ሲቆሙ?»

ሌሊቱን አንድ ጠብታ ዝናብ አልወረደም። ሆኖም ሲነጋ ሕፃኗ የተጠቀለለችበት ጋቢ በግድግዳው በኩል ርሷል፤ የድንኳኑ ጣሪያ ከውስጥ በኩል ላብ እንዳጠለቀው ፊት ጠብ ጠብ ይላል። እናትየው ጋቢውን እየጨመቀች «ሸራው ያፈሳል፤ አታለሉን» አለች። ሸራው ግን አላፈሰሰም። ያደረባቸው ውኃ የራሳቸው ትንፋሽ ነበር።

የምናውቀው ድንኳንና የማናውቀው

ድንኳን ለዚህ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ሰው ሲሞት የእድሩ ድንኳን ቀባሪው ሳይመለስ ደጅ ላይ ይቆማል። ለሠርግ ዳስ ይጣላል። በጥምቀት ዋዜማ ታቦቱ የሚያድርበት ድንኳን ውኃው ዳር ይተከላል፤ ምእመኑም ልጁን ታቅፎ እዚያው ዙሪያውን ያነጋል።

እነዚህ ሁሉ ግን የመሰብሰቢያ ድንኳኖች ናቸው። ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ ጎናቸው ክፍት፣ ወለል የሌላቸው፤ ለመትከልም አምስትና ስድስት ሰው የሚጠይቁ። ሰው ይቀመጥባቸዋል፣ ይበላባቸዋል፣ ያለቅስባቸዋል። ሕፃን አስተኝቶ ለማደር አልተሠሩም። ልጆቹን ይዞ ሊሳለም ወይም አገር ሊያይ የሚወጣ አባት ድንኳን ሲገዛ ዓይኑ የሚፈልገው ግን ይህንኑ የለመደውን ነው፦ ትልቅነቱን፣ ግርማውን፣ የጨርቁን ውፍረት። ሱቅ ውስጥ በቀን ብርሃን ተወጥሮ ሲታይ የማያምር ድንኳን የለም። መመዘን ያለበት በሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ብርዱ እየጠነከረ በሚሄድበት፣ ነፋሱ አቅጣጫ በለወጠበት፣ ሕፃኗ ነቅታ በምታለቅስበት ሰዓት።

> ሱቅ ውስጥ በቀን ብርሃን ተወጥሮ ሲታይ የማያምር ድንኳን የለም።

ልጅ ይዞ በድንኳን ማደርንም ቢሆን አባቶቻችን አሳምረው ያውቁት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የአፄ ልብነ ድንግልን ተንቀሳቃሽ ሰፈር በዝርዝር ጽፎታል። የንጉሡ ነጫጭ ድንኳኖች ከፍ ባለው ቦታ ላይ ይተከላሉ፤ ለትልልቅ በዓላት ደግሞ ትልቅ ቀይ ድንኳን ይቆማል። የቀረው ሰፈር በየደረሰበት አንድ ዓይነት አቀማመጥ ስላለው፣ ሰው አዲስ ሜዳ ላይ በደረሰበት ቀን እንኳ የየራሱን ቦታ ያውቃል። ይህ ለክብር ብቻ የተደረገ አይመስለኝም። ሚስትና ልጅ ይዞ በሚጓዝ ሕዝብ መካከል፣ በጨለማ ድንኳኑን ስቶ የሚጠፋ ልጅ እንዳይኖር የሚያደርግ ብልሃት ነው።

ይኸው የጋይንት ምድርም ይህን ዓይነት ሰፈር አይቷል። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ሴቫስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲነሡ በዚሁ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ነው ያለፉት። ለወራት በዘለቀው በዚያ ጉዞ ከወታደሩ ጋር ሴቱና ሕፃኑ ብዙ ነበር። በየምሽቱ ድንኳን ይተከላል፣ በየማለዳው ይነቀላል። ያ ሁሉ ልምድ ከሠራዊቱ ጋር አብሮ ቀረና፣ ዛሬ ከጎንደርና ከደባርቅ ተነሥተው ስሜን የሚወጡ የውጭ እንግዶች ስለ ድንኳን ከእኛ የተሻለ ያውቃሉ።

ትንፋሽ ሲጠራቀም

ወደ ረጠበው ጋቢ እንመለስ። ሁለት አዋቂና ሁለት ልጅ በአንድ ሌሊት ከትንፋሻቸውና ከገላቸው የሚወጣው ውኃ ወደ አንድ ሊትር ይጠጋል። ጭቃ ቤት ውስጥ ግድግዳው ይመጠዋል፣ በክፈፉም በኩል ይወጣል። ባለ አንድ ሽፋን የፕላስቲክነት ያለው ድንኳን ውስጥ ግን መውጫ የለውም። የውጪው አየር ጨርቁን ያቀዘቅዘዋል፣ ሞቃቱ ትንፋሽ ቀዝቃዛውን ጨርቅ ሲነካ ውኃ ይሆናል፣ ውኃው እየወረደ ግድግዳውን የነካውን ልብስ ሁሉ ያረጥበዋል። እርጥብ ልብስ የለበሰ ሕፃን ደግሞ ምንም ካልለበሰ በማይሻል ሁኔታ ሙቀቱን ያጣል።

መፍትሔው ባለ ሁለት ሽፋን ድንኳን ነው። የውስጡ ስስ፣ አየር የሚያሳልፍ፣ በከፊል መረብ ነው። የውጪው ውኃ የማያስገባ ነው። በሁለቱ መካከል አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኖራል፤ ትንፋሹ በመረቡ አልፎ ውኃ የሚሆነው በውጪው ሽፋን ላይ ስለሆነ፣ የሚወርደው በሁለቱ መካከል ወደ መሬት ነው። ስለዚህ ገዢ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ስንት ሽፋን አለው? የውስጡና የውጪው ይነካካል?» ብሎ ነው። ቀጥሎ አናቱ አካባቢ መተንፈሻ መስኮት እንዳለው ይይ። በብርድ ምክንያት ያንን መስኮት በጨርቅ የሚወትፉ ወላጆች ሞልተዋል፤ ለልጅ በማሰብ ነው፣ ውጤቱ ግን የረጠበ ልጅ ነው። መስኮቱ ክፍት ይደር፤ ሙቀቱን በልብስ ጨምሩ።

ከጥጥ የተሠራ ወፍራም ሸራ እዚህ ላይ ብልጫ አለው፤ ራሱ ይተነፍሳል፣ በነፋስም አይንኳኳም። ክብደቱ ግን በበቅሎ ወይም በመኪና ካልሆነ አይቻልም። በእግር ለሚጓዝ ቤተሰብ ፖሊስተር ይሻላል።

ጉና ላይ ያለው ነፋስ፣ በሽሎ ዳር ያለው ትንኝ

በዚህ አካባቢ አንድ ድንኳን ለሁሉም ቦታ ይሆናል ብሎ መምከር ከባድ ነው። እስቴ፣ ፋርታና ላይ ጋይንት የሚጋሩት የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ርብና ጉማራ የሚነሡት ከዚያ ነው። ጓሳና ጅብራ በሚበቅልበት በዚያ ከፍታ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጭ መሬቱን ነጭ ያደርገዋል። ከስማዳዋ ወገዳ ከተማ ወደ ደቡብ ተይዞ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ ቆላው ይጀምራል። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ ወደ ስድስት ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ ስማዳ ቆላ በነጠላ የሚታደረውን ሌሊት ጉና ላይ በሁለት ብርድ ልብስ አይገፉትም።

ለደጋው ዋናው ጠላት ነፋስ ነው። ደባርቅ ላይ እንግዳ በመምራት የኖሩ አስጎብኚዎች በስሜን ማደሪያዎች፣ በሳንቃበር፣ በግጭና በጭነቅ የሚተክሉት አብዛኛውን ጊዜ ክብ ጣሪያ ያለውን፣ ዘንጎቹ አናት ላይ የሚጠላለፉትን ዓይነት ነው። ነፋስ ከየትም ቢመጣ ይችላል፤ ካስማ በማይገባበት ድንጋያማ መሬት ላይም በራሱ ይቆማል። እንደ ዋሻ የረዘመው ዓይነት ለልጆች መጫወቻ ሰፊ ቦታ ስላለው ገበያ ላይ ይወደዳል፤ ነገር ግን ካስማው ከተነቀለ ይተኛል፣ ነፋስ በጎኑ ከመጣበትም ይተጣጠፋል። ለጉና አልመክረውም።

ዘንጉ ከምን እንደተሠራም ይታይ። የፋይበርግላስ ዘንግ ርካሽ ነው፣ ሲሰበር ግን ይሰነጠቅና ስንጥሩ እጅ ውስጥ ይገባል። አሉሚኒየሙ አብዛኛውን ጊዜ ይጎብጣል እንጂ አይሰበርም፤ በእጅ ቀና ተደርጎ ይታደርበታል። ልጅ ለያዘ ሰው የዋጋው ልዩነት ተገቢ ነው።

አንድ አስጎብኚ የነገረኝ ከሁሉ በላይ ጠቅሞኛል፦ «ሰው ገመዱን ይንቃል። ድንኳኑ ቆመ ብሎ ገመዱን ሳያስር ይተኛል። ሌሊት ነፋስ ሲመጣ ድንኳኑን የሚይዘው ገመዱ ነው።» ካስማው ራሱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ አዘንብሎ መመታት አለበት። ልጆች በጨለማ ተደናቅፈው እንዳይወድቁ በየገመዱ ላይ ነጭ ጨርቅ ማሰር ደግሞ ምንም ወጪ የለውም።

ወደ ቆላው ሲወረድ ሂሳቡ ይለወጣል። ከ2,000 ሜትር በታች ወባ አለ፤ ስለዚህ የውስጡ ሽፋን መረብ የደቀቀና ያልተቀደደ፣ ዚፑም እስከ ታች የሚዘጋ መሆን አለበት። ድንኳኑ መረብ ቢኖረውም አጎበር ጨምሮ መያዝ ብልህነት ነው፤ ልጆች ዚፕ ሳይዘጉ መውጣታቸው አይቀርምና። በቀን ደግሞ በፀሐይ የተተወ ድንኳን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይግላል። ሕፃን እንቅልፍ ወስዶታል ብሎ በረፋድ ፀሐይ ድንኳን ውስጥ ጥሎ መሄድ ትልቅ አደጋ ነው።

የትም ይሁን የት ደረቅ የወንዝ መውረጃ ውስጥ አይተከልም። ከራስ በላይ ደመና ባይኖር እንኳ ጉና ላይ የዘነበው ዝናብ ሌሊቱን ቆላ ይደርሳል።

«ለአራት ሰው» ማለት

የአማቲቱ ጥያቄ ትክክል ነበር። ድንኳን ሠሪዎች ለአንድ ሰው የሚቆጥሩት ስፋት 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ትከሻ ለትከሻ ተጋጥሞ፣ ጓዝ ውጭ አድሮ። በአደጋ ጊዜ መጠለያ የሚሰጡ ድርጅቶች የሚመሩበት ዓለም አቀፍ መለኪያ ግን ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር ይላል፤ ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። ለአንድ ሌሊት ማደሪያና ለወራት መኖሪያ አንድ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ቢሆንም ሁለት ወላጅና ሁለት ትንንሽ ልጅ ላለው ቤት «ለስድስት» የተባለውን መግዛት፣ ካልተቻለም ከ«አራት» አለመውረድ ይሻላል። ሰፊ ቦታ ለምቾት ብቻ አይደለም፤ ማንም ከግድግዳው ጋር ሳይነካካ መተኛት የሚቻለው እንዲያ ሲሆን ነው። ከዚህ አልፎ መስፋቱም ጥሩ አይደለም። ትልቅ ድንኳን በገላ ሙቀት አይሞቅም፣ ነፋስም አጥብቆ ይይዘዋል።

ከስፋቱ ይልቅ ብዙ እናቶች የሚያነሡት በራፉን ነው። ከውጪው ሽፋን ሥር፣ ከመኝታው በፊት፣ ትንሽ በረንዳ መሳይ ክፍተት ያለው ድንኳን ጭቃ የያዘ ጫማ፣ ስንቅና እርጥብ ኮት ያስቀምጣል። ፖፖም እዚያ ይቀመጣል። የሦስት ዓመት ልጅን በሌሊት ውርጭ ውስጥ ለሽንት ይዞ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንዲት የሦስት ልጆች እናት «ቁመቱ ተንበርክኬ ሽንት ጨርቅ ለመቀየር ካልበቃኝ፣ ሌላው ሁሉ ቢያምር ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ። ሱቅ ውስጥ ገብቶ መንበርከክ ይቻላል፤ ይደረግ።

ብርድ ከሥር ነው

ስለ ጣሪያና ግድግዳ ብዙ ይወራል፤ ልጅን በብርድ የሚጎዳው ግን በአመዛኙ መሬቱ ነው። ሕፃን ገላው ትንሽ ሆኖ ሳለ ቆዳው ከክብደቱ አንጻር ሰፊ ስለሆነ ሙቀቱን ከአዋቂ በፍጥነት ያጣል። ከሥሩ ቀዝቃዛ መሬት ካለ ከላይ የተደረበው ብርድ ልብስ ሁሉ ግማሽ ሥራ ነው፤ ከሥር የተኛንበት ልብስ በክብደታችን ተጨፍልቆ ሙቀት መያዙን ይተዋል።

እዚህ ላይ የአገራችን ዕቃ ከውጭ ከሚመጣው የሚያንስ አይደለም። መጀመሪያ ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት መሬቱን ከእሾህና ከጠጠር አጽድቶ ገለባ ወይም የደረቀ ሣር መጎዝጎዝ ነው። አውድማ ባለበት ወቅት ይህ አይጠፋም። ቀጥሎ ድንኳኑ፤ ወለሉ ከግድግዳው ጋር አንድ ላይ የተሰፋ፣ ዳር ዳሩም አንድ ስንዝር ያህል ወደ ላይ የታጠፈ ይሁን፤ ውኃ በመሬት ቢመጣ በዚያ ይመለሳል። ውስጡ ሰሌን፣ ከሰሌኑ በላይ አጎዛ። የበግ አጎዛ ፀጉሩ ሲጫኑት ፈጽሞ ስለማይተኛ አየር ይይዛል፤ አየር የያዘ ነገር ደግሞ ብርድ ያግዳል። ከዚያ በላይ ባና። የደጋው ሰው ለልጁ ከዚህ የተሻለ መኝታ ከየትም አገር ማዘዝ አያስፈልገውም።

> ለድንኳኑ ብር ሲያልቅ ለመኝታው የሚቀር ከሌለ፣ ድንኳኑ ረከስ ይበልና አጎዛው ይገዛ።

አስተኛኘቱ የታወቀ ነው፦ ልጆች መካከል፣ ወላጆች ዳርና ዳር። ሕፃን ብቻ ከባድ ልብስ በፊቱ ላይ እንዳይወድቅበት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ልብስ ደራርቦ አልብሶት ቆብ ማጥለቅ፣ ከላይ ወፍራም ነገር ከመጫን ይበልጣል።

ከሰል ደጅ ይደር

ይህን ክፍል አጭር አድርጌ ግልጽ ልናገር። ድንኳን ውስጥ ከሰል፣ እንጨት፣ ቡታ ጋዝ አይገባም። ፍሙ ጭስ ባይኖረውም የሚለቀው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ከተማ ውስጥ በብርድ ጊዜ ምድጃ ቤት አስገብተው በዚያው የቀሩ ቤተሰቦችን ወሬ ሁላችንም ሰምተናል። ድንኳን ከቤት ይጠባል፤ ሕፃንም ከአዋቂ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። መስኮት መክፈት አያድንም።

ጧፍና ሻማም እንዲሁ። ናይለንና ፖሊስተር እሳት ሲነካቸው ይቀልጡና እየነደዱ በሰው ላይ ይንጠባጠባሉ። በበዓል ዋዜማ ጧፍ አብርቶ ድንኳን ውስጥ ገብቶ መጸለይ የተለመደ መሆኑን አውቃለሁ፤ ጸሎቱ ደጅ ይሁን፣ ለውስጥ የባትሪ መብራት ይበቃል። ምሽት ላይ ድንጋይ ማሞቅ ወይም በላስቲክ እቃ ሙቅ ውኃ ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ መኝታ ውስጥ ማስገባት የከሰሉን ጥቅም ያለ ጉዳቱ ይሰጣል፤ የልጅ ገላ እንዳይነካ ብቻ ልጁ ከመግባቱ በፊት ይውጣ።

ማን ይግዛው?

እስካሁን የዘረዘርኩት ሁሉ ብር ይጠይቃል። ባለ ሁለት ሽፋን፣ የአሉሚኒየም ዘንግ ያለው ሰፊ ድንኳን መርካቶ ላይም ሆነ በውጭ አገር ዘመድ ሻንጣ ሲመጣ፣ ዓመት ውስጥ ሦስትና አራት ሌሊት ለሚጠቀምበት ገበሬ ወይም አስተማሪ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ላስቲክ ይወጥራል። ወቀሳ አይገባውም።

የሚገርመኝ ግን በየሰፈሩ የጋራ ድንኳን የመግዛት ልምድ ያለን ሰዎች መሆናችን ነው። እድር ለለቅሶ ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስት አዋጥቶ ይገዛል፤ መዝገብ ይይዛል፣ ኃላፊ ይሾማል፣ የጠፋውን ያስከፍላል። በዚሁ አሠራር አንድ እድር ወይም አንድ ሰበካ አምስትና ስድስት የቤተሰብ መኝታ ድንኳን ቢኖረው፣ ለገናና ለጥምቀት ሕፃን ላላቸው ቅድሚያ ሰጥቶ ቢያውስ፣ ችግሩ ግማሹ ይቃለላል። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ጋይንት ድረስ ሲዘልቅ ልጆቹን ይዞ ወደ ደብረ ታቦር የሸሸው ሰው ያንን ሌሊት አይረሳም። ያኔ ሰፈሩ መጋዘን ውስጥ ለቅሶ ድንኳን ነበረው፤ ተሸክመው የሚሄዱት፣ ሕፃን የሚያሳድር ግን አልነበረም። ይህን ለማሰብ ሌላ ክፉ ቀን መጠበቅ የለብንም።

ያገለገለ ድንኳን የሚገዛ እድር ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ጓሮ ውስጥ ያስተክለው። ሁለት ባልዲ ውኃ ከላይ ያፍስስና ስፌቱን ከውስጥ ይመልከት፤ ውኃ በአብዛኛው የሚገባው በጨርቁ ሳይሆን በስፌቱ ነው። ዚፑን አሥር ጊዜ ይክፈት፣ ይዝጋ። ለዓመታት ፀሐይ ላይ የቆየ ናይለን በጣት ሲሳብ ይቀደዳል፤ ደጋ ላይ ያለው ፀሐይ በዚህ ረገድ ከቆላው የበረታ ነው። ካስማና ገመድ ሁልጊዜ ትርፍ ይኑር። የሚተክለው ሰው ሌሊት ላይ በጨለማ መትከሉን አንድ ጊዜ ይሞክር፤ ተጓዥ ሁልጊዜ በብርሃን አይደርስምና።

ከላሊበላ ሲመለስ ድንኳኑን የሚረከበው ሰው ሳያስጣ እንዳያጥፈው። በተለይ የጥጥ ሸራ ርጥብ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ይሻግታል፣ ሽታውም አይለቅም። ከገና እስከ ጥምቀት ዋዜማ ሁለት ሳምንት እንኳ የለም፤ ለጥር 10 ቀን የሚያስፈልገው ቤተሰብ ከወዲሁ ተመዝግቦ ይጠብቃል።